በግቢያችን ያለው ኩሬና ሕፃናቶቻችን

ውኃ የሕይወት መሠረት መሆኑን ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ገበሬው ሰማይ ሰማዩን እያየ የሚጠብቀው፣ የቤት እመቤቷ በጀሪካንና በበርሜል ስታጠራቅም የምትውለው ይህንኑ በረከት ነው። በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ትንሽ ኩሬ ቆፍሮ፣ ዳሩን በድንጋይ አስጊጦ፣ ዓሣ ለቆበትና አበባ ተክሎበት ማየትም ለዓይን ደስታ፣ ለመንፈስ ዕረፍት ነው። በገጠርም የክረምቱን ጎርፍ ወደ ጉድጓድ መልሶ ለበጋ አትክልት ማቆየት የትጉህ ሰው ሥራ ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን ኩሬን ለመንቀፍ አልተነሣንም። የተነሣንበት ምክንያት፣ ኩሬና ገና መራመድ የጀመረ ሕፃን በአንድ ግቢ ሲኖሩ ምን መደረግ እንዳለበት ለእናቶችና ለአባቶች ለማስታወስ ነው።

ይህን እንድንጽፍ ያስገደደን አንድ ነገር አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የቆላ ከተማ የወባ ትንኝ የሚራባባቸውን ውኃዎች እየዞርን ስንመረምር ከአንድ ቤተሰብ ግቢ ገባን። በአትክልቱ መካከል ርዝመቱ ሦስት ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱ ከአዋቂ ሰው ጉልበት የማያልፍ ያማረ ኩሬ ነበር። ውኃውን በነጭ ጭልፋ እየጨለፍን እጭ ፈለግን፤ አላገኘንም። ባለቤቱ ዓሣ ለቆበት ስለ ነበር ውኃው ንጹሕ ነበር። ትጋቱን አመስግነን፣ በመዝገባችን ላይ «ጉድለት የለውም» ብለን ጽፈን ወጣን። ስንወጣ የሁለት ዓመት ልጃቸው የእናቱን ቀሚስ እንደ ያዘ እስከ በር ድረስ ሸኘን።

ከሦስት ወር በኋላ ወደዚያው ሰፈር ብንመለስ ከግቢው በር ላይ የሐዘን ድንኳን ተጥሎ አገኘን።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዕለቱ የማኅበር ቀን ነበርና ቤቱ በዘመድ ተሞልቷል። እናት ልጁ ከአባቱ ዘንድ ያለ መስሏታል፤ አባት ከአያቱ ጋር ያለ መስሎታል፤ አያቱም ታላቅ እኅቱ ይዛው ወደ ውጭ የወጣች መስሏቸዋል። ልጁ የጠፋ መሆኑ ሲታወቅ ሁሉም ወደ መንገዱ ሮጡ፤ የፈሩት መኪና ነበርና። ከዚያም ከጎረቤት ቤት ፈለጉት። ኩሬውን ያዩት በመጨረሻ ነው። ሃያ የሚያህል ሰው በተቀመጠበት ግቢ ውስጥ አንድም ጩኸት፣ አንድም የውኃ ድምፅ የሰማ ሰው አልነበረም።

እኛ ያንን ውኃ መርምረነዋል። ስለ ትንኝ ጠይቀን ስለ ልጁ አልጠየቅንም። በመዝገባችን ላይ የጻፍነውን ቃል ዛሬም አልረሳነውም።

ሌላም የምንናዘዘው አለ። ለትምህርት በእንግሊዝ አገር በቆየንበት ዘመን፣ ካረፍንበት ቤት አጠገብ ይኖሩ የነበሩ ባልና ሚስት የመጀመሪያ ልጃቸው መራመድ ሲጀምር የአትክልት ስፍራቸውን ኩሬ አድርቀው አሸዋ ሞሉበት። እኛ ወንዝ ዳር ያደግን ነንና በሆዳችን ሳቅን፤ «ከጉልበት በማይዘልቅ ውኃ ይህን ያህል መፍራት ምንድን ነው?» አልን። በዚያ አገር ይህ ምክር ትናንሽ ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች ሁሉ የሚሰጥ መሆኑን ያወቅነው ኋላ ነው። ምክንያቱን በትክክል የተረዳነው ግን ያን ድንኳን ካየን በኋላ ነው።

ሕፃን በጥቂት ውኃ ስለምን ይሰጥማል?

የሕፃን ራስ ከሌላው አካሉ ጋር ሲነጻጸር ትልቅና ከባድ ነው። ስለዚህ ዓሣውን ለማየት ወይም የወደቀ ኳስ ለማንሣት ሲያጎነብስ የላይኛው ክብደት ይስበውና በግንባሩ ይደፋል። ከተደፋም በኋላ እንደ ትልቅ ሰው በክንዱ ገፍቶ ለመነሣት ጉልበት የለውም፤ ኩሬው በሸክላ ወይም በላስቲክ የተለበጠ ሲሆን ደግሞ እጁና እግሩ ይንሸራተታሉ። አፍና አፍንጫውን ለመክደን የሚበቃ ውኃ፣ ይኸውም 5 ሳንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ፣ ሕይወቱን ለማጥፋት ይበቃል።

ሁለተኛው ምክንያት ዝምታው ነው። ሰው ሲሰጥም የሚጮኽና እጁን የሚያወራጭ ይመስለናል። ለመጮኽ ግን ትንፋሽ ያስፈልጋል፤ አፉ ከውኃ በታች የሆነ ሕፃን ትንፋሽ የለውም። ስለዚህ በቅርብ ያለ ሰው እንኳ ሳይሰማ ነገሩ ያልቃል። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ አንጎል በኦክሲጅን እጦት መጎዳት ይጀምራል። ስልክ ለማንሣት፣ ከእንግዳ ጋር ሰላምታ ለመለዋወጥ ወይም ወጥ ለማማሰል የሚወስደው ጊዜ ከዚህ ብዙ አያንስም።

ይህ በአንድ ቤት ብቻ የደረሰ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች በውኃ መስጠም ሞተዋል፤ ከእነዚህም ሩብ የሚጠጉት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔም በዚያው ዓመት ስለዚህ ነገር በወሰነው ውሳኔ ሐምሌ 18 ቀን (በአውሮፓውያን ጁላይ 25) የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን ሆኖ በየዓመቱ እንዲታሰብ አድርጓል።

በቅድሚያ የሚጠየቀው ጥያቄ

ኩሬ ያለው ወላጅ ሁሉ በቅድሚያ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው፣ «ይህ ውኃ ልጄ እስኪያድግ ድረስ መኖር አለበትን?» ብሎ ነው። ኩሬው ለጌጥ ብቻ የተሠራ እንደ ሆነ መልሱ ቀላል ነው። የመጨረሻው ልጅ ስድስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ይድረቅ። ዓሣዎቹ ለወዳጅ ይሰጡ፤ ከወለሉ ላይ ጥቂት ቀዳዳዎች ይከፈቱ፤ ከዚያም ጉድጓዱ በአሸዋ ወይም በአፈር ይሞላ። ቀዳዳው የሚያስፈልገው ክረምት ሲገባ የዝናቡ ውኃ ወደ ታች እንዲሰርግ ነው፤ ይህ ካልተደረገ የደረቀው ኩሬ ሐምሌ ላይ ተመልሶ ኩሬ ይሆናል። አሸዋ የተሞላው ለልጆች መጫወቻ ይሆናል፤ ነገር ግን ድመትና ዶሮ እንዳያቆሽሹት ማታ ማታ መክደን ያሻል። አፈር የተሞላው ደግሞ ጎመንና ቆስጣ፣ ወይም አበባ ሊተከልበት ይችላል።

የውኃ ድምፅ የሚወድ ሰው ቢኖር፣ ውኃው ከጠጠር መካከል ፈልቆ በጠጠሩ ውስጥ እንዲሰወር አድርጎ ማሠራት ይቻላል። በእንዲህ ያለው አሠራር ውኃው ከላይ አይጠራቀምም፤ ማጠራቀሚያውም ከጠጠሩ በታች በጠንካራ ፍርግርግ የተከደነ ይሆናል።

አጥር እንዴት ይታጠር?

ኩሬው የግድ መኖር ያለበት ከሆነ በአራቱም ማዕዘን መታጠር አለበት። የቤቱ ግድግዳ እንደ አንደኛው ወገን ተቆጥሮ ሦስት ወገን ብቻ ቢታጠር ከንቱ ነው፤ ልጁ የሚወጣው ከቤት በር ነውና። በአውስትራሊያ ለመዋኛ ገንዳዎች የተደነገገው ልክ ለእኛም መልካም መመሪያ ይሆነናል። ከዚህ እንደሚከተለው ነው።

የአጥሩ ቁመት ከ1.2 ሜትር አያንስም። በቋሚዎቹ መካከልና ከአጥሩ ሥር እስከ መሬት ያለው ክፍተት ከ10 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። አግዳሚዎቹ ልጁ እንደ መሰላል እንዳይወጣባቸው በውኃው በኩል ይሆናሉ። በሩ ከውኃው ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ሰው በለቀቀው ቁጥርም በሞላ ኃይል በራሱ ተመልሶ የሚቆለፍ ይሆናል። መቀርቀሪያው ከመሬት 1.5 ሜትር ያህል ከፍ ይላል።

ለዚህ ብዙ ገንዘብ ማውጣት የግድ አይደለም። አቅም ያለው ለብረት በያጅ አዝዞ ያሠራል፤ አቅም የሌለው በቀጥታ የቆሙ የባሕር ዛፍ አጣናዎችን አጠጋግቶ በመቸንከር ይህንኑ ልክ ሊያገኝ ይችላል። ጥንቃቄ የሚያሻው በሕያው አጥር ነው። ቅንጭብ በብዙ ስፍራ ለአጥር ይተከላል፤ ዳሩ ግን ወተቱ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል፤ ከሥሩም ሕፃን የሚሾልክበት ክፍተት አይታጣም። ስለዚህ ሕፃን ባለበት ቤት ለኩሬ ዙሪያ አንመክረውም።

አጥሩ ከቆመ በኋላም አጠገቡ በርጩማ፣ ባዶ ጀሪካን፣ የድንጋይ ክምር ወይም የአትክልት ሳጥን መተው የለበትም። የሦስት ዓመት ልጅ በርጩማ ጎትቶ መወጣጫ ማድረግን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። በሩን «ለአንድ አፍታ ነው» ብሎ በድንጋይ ደግፎ ክፍት መተውም አጥሩን እንደ ማፍረስ ይቆጠራል።

ስለ ብረት ፍርግርግ

አንዳንድ ሰዎች ከአጥር ይልቅ ኩሬውን በብረት ፍርግርግ መክደን ይመርጣሉ። ይህም በትክክል ከተሠራ መልካም ነው፤ ትክክል መሆኑ ግን በሦስት ነገር ይታወቃል። አንደኛ፣ ፍርግርጉ ትልቅ ሰው ቢቆምበት የማይረግብ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ከፌሮ ተበይዶ፣ ጫፉም ከኩሬው ዳር በሲሚንቶ ሊያዝ ይገባል። ሁለተኛ፣ ከውኃው በላይ ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ከውኃው እኩል ወይም ከውኃው በታች ያለ ፍርግርግ የወደቀውን ሕፃን ፊት ከውኃ አያወጣውም። ክረምት ውኃው ሲሞላ የሚደርስበትን ልክ አስቦ መሥራት ይገባል። ሦስተኛ፣ ቀዳዳው የሕፃን ራስም ሆነ እግር የማይገባበት ጠባብ መሆን አለበት።

ቅጠል እንዳይገባ የሚዘረጋ የላስቲክ መረብ፣ ሸራ ወይም አሮጌ ቆርቆሮ ግን ጨርሶ መከላከያ አይደለም። ልጁን ከመያዝ ይልቅ አብሮት ይሰጥማል፤ ወይም ጠቅልሎ ይይዘዋል። ከዚህም የባሰው፣ ወላጆችን ያለ ምክንያት እንዲዘናጉ ማድረጉ ነው።

ለዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ጉድጓዶች

በ1990ዎቹ አጋማሽ በአገራችን ልዩ ልዩ ክፍሎች የዝናብ ውኃ የሚያጠራቅሙ የቤተሰብ ኩሬዎች በብዛት ተቆፍረዋል። ብዙዎቹ በላስቲክ የተለበጡ ናቸው። የዚህ ዓይነቱ ኩሬ ከጌጥ ኩሬ ይልቅ አስጊ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥልቅ ከመሆኑም ሌላ፣ የረጠበ ላስቲክ እንደ ሳሙና ስለሚያንሸራትት ትልቅ ሰው እንኳ ከገባ ለመውጣት ይቸገራል። ይህን ኩሬ ድፈኑት ብንል የቤተሰቡን እንጀራ መንካት ይሆንብናል። ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን።

ዙሪያው ከላይ በገለጽነው ልክ ይታጠር። ውኃ የሚቀዳው ወደ ዳሩ በመውረድ ሳይሆን ከአጥሩ ውጭ ሆኖ በጎማና በፓምፕ በመሳብ ይሁን። ከዳሩ ላይ በጠንካራ ችካል የታሰረ፣ በየግማሽ ሜትሩ የተቋጠረ ገመድ ወደ ውኃው ይውረድ፤ ቢቻልም የእንጨት መሰላል በቋሚነት ይተከል። የተነፋ የመኪና ከመነዳሪ ረጅም ገመድ ታስሮበት ከአጥሩ ላይ ይንጠልጠል፤ ዋና የማይችል ሰው ሌላውን ለማዳን ዘሎ በመግባት ሁለት ሐዘን እንዳያመጣ ከዳር ሆኖ የሚወረውረው እርሱን ነው። ከፈረሰ ቤት የቀረ ጉድጓድ፣ ክዳኑ የተሰበረ የውኃ ጉድጓድ፣ ውኃ የቀረበት በርሜልና የልብስ ማጠቢያ ሳፋም ከዚሁ ተለይተው የሚታዩ አይደሉም። ባልዲና ሳፋ ሥራ ሲያበቃ ተደፍቶ ይገልበጥ።

ይህን ካነሣን ዘንድ ስለ ትንኝም ጥቂት እንበል። የትንኝ እንቁላል በሞቃት አገር አንድ ሳምንት ወይም ጥቂት ቢያልፍ ተፈልፍሎ ክንፍ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን የተገኘው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለው የወባ ትንኝ በከተማ ውስጥ ሰው ሠራሽ በሆኑ የውኃ ማጠራቀሚያዎች የሚራባ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ያልተደፈነ ኩሬ እጭ የሚበላ ዓሣ ይኑረው፤ በርሜልም ይከደን። ጥሩ ክዳን ልጅንም ትንኝንም በአንድ ጊዜ ይከለክላል።

የጥበቃ ተራ

አጥር ቢኖርም ጠባቂ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ጠባቂ ቢኖርም አጥር አያስፈልግም ማለት አይደለም። ዓይን ይታክታል፣ በእንግዳ ይያዛል፣ በእንቅልፍ ይሸነፋል፤ አጥር ግን አይታክትም። አጥርም በበኩሉ ይሰበራል፤ የሰበረውን የሚያየው ዓይን ነው።

በባንግላዴሽ ገጠር የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ብዙዎቹ ሕፃናት የሰጠሙት ከቤታቸው ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ባለ ኩሬ ነው፤ ሰዓቱም እናቶች በቤት ሥራ የሚጠመዱበት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት ያለው ነው። ሕፃናቱ በእነዚህ ሰዓቶች በአንድ ተንከባካቢ ሥር የሚውሉበት የመንደር መዋያ ሲቋቋም የሰጣሚዎቹ ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል። ከዚህ የምንማረው ጥበቃ ስምና ሰዓት ሊኖረው እንደሚገባ ነው። «ሁላችንም እናየዋለን» የተባለ ልጅን ማንም አያየውም። በድግስ፣ በክርስትና፣ በለቅሶ ቀን አንድ ሰው በስሙ ይሾም፤ ሲደክመውም «ከእንግዲህ አንተ ነህ» ብሎ፣ ሌላውም «እሺ፣ እኔ ነኝ» ብሎ ሲመልስለት ብቻ ይነሣ። ይህ ሥራ ለሰባት ዓመት እኅት ወይም ወንድም አይሰጥም፤ እነርሱም ልጆች ናቸው። ጎረቤቶች ተስማምተው በገበያ ቀን ተራ ቢገቡ ደግሞ ሸክሙ ለሁሉም ይቀላል።

አደጋው ቢደርስስ?

ልጅ ከዓይን በጠፋ ጊዜ በመጀመሪያ የሚታየው ውኃ ነው። መንገዱ፣ ጎረቤቱ፣ አልጋው ሥር ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል፤ ውኃው ግን አይጠብቅም።

ልጁ ከውኃ ሲወጣ ብዙ ሰው በእግሩ አንጠልጥሎ ያወዛውዘዋል፤ ሆዱንም ይጫነዋል። ይህን የሚያደርጉት በፍቅር ቢሆንም እጅግ ይጎዳል፤ ከሆድ የሚወጣው ውኃና ምግብ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ውድ ደቂቃዎችም በከንቱ ያልፋሉ። ልጁ የሚፈልገው ትንፋሽ ነው።

በጠንካራ መሬት ላይ በጀርባው ይጋደም። አንድ ሰው እየረዳ ሌላው አምቡላንስ ይጥራ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ልጁ የማይተነፍስ ከሆነ ራሱ በቀስታ ወደ ኋላ ዘንበል ይበል፤ አገጩም ከፍ ይደረግ። አፍንጫው ተይዞ በአፉ 5 ጊዜ፣ ደረቱ ከፍ ሲል እስኪታይ ድረስ፣ ይተንፈስለት። ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን አፍና አፍንጫው በአንድነት በአዳኙ አፍ ይሸፈናሉ። ልጁ ካልነቃ ከደረቱ መካከል፣ የደረቱን ውፍረት ሲሶ ያህል እየሰረጎደ፣ 30 ጊዜ በፍጥነት ይጫኑት፤ ፍጥነቱም በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ይሁን። ለሕፃን የሁለቱ እጆች አውራ ጣቶች፣ ለልጅ የአንድ እጅ መዳፍ ይበቃል። ከዚያ 2 ትንፋሽ፣ እንደገና 30 ጊዜ፤ ልጁ እስኪተነፍስ ወይም ባለሙያ እስኪደርስ ድረስ ሳይቋረጥ ይቀጥል። ብቻውን የሆነ ሰው በቅድሚያ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይህን አድርጎ ከዚያ ይጥራ። ልጁ ነቅቶ ቢያለቅስና ደኅና ቢመስልም ወደ ሐኪም መወሰዱ ግዴታ ነው፤ የሳንባ ችግር ከሰዓታት በኋላ ሊከተል ይችላልና። ይህ ሥራ ከንባብ ብቻ አይያዝም፤ በአቅራቢያችሁ የመጀመሪያ ዕርዳታ ትምህርት ሲሰጥ ከየቤቱ አንድ ሰው ቢማር እጅግ መልካም ነው።

ወደ ጀመርንበት ግቢ እንመለስ። ያ ኩሬ ዛሬ የለም። አባትየው ከሐዘኑ በኋላ በራሱ እጅ አፈር ሞልቶበት የሎሚ ዛፍ ተክሎበታል። እኛም በዚያን ጊዜ ከምንይዘው የመርመራ መዝገብ ላይ አንድ መስመር ጨመርን፦ «በግቢው ከስድስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ አለን? ካለ ወደ ውኃው የሚከለክለው ምንድን ነው?» ከዚያ ወዲህ ይህ መስመር ሳይሞላ ከማንም ግቢ አልወጣንም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጽሑፍ እንደ ጨረሱ ወደ ግቢዎ ይውጡ። በልጅዎ ቁመት ልክ ጎንበስ ብለው ዙሪያውን ይመልከቱ፤ ይህንኑ ጥያቄም ለራስዎ ይመልሱ። አጥር ለማሠራት ነገ ይሆናል፤ ሳፋ ለመገልበጥ፣ በርሜል ለመክደን፣ በርጩማውን ከአጥሩ ለማራቅ ግን ዛሬ ይቻላል። አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።